አይዞሽ፣ ይቺን ብቻ

ለምወድህና ዘወትር ለምትናፍቀኝ አባቴ፣

አባዬ፣ እንደምን ሰነበትክ? ጤናህ እንዴት ነው? እንቅልፍህስ? እህል ይወርድልሃል ወይስ እማዬን "በቃኝ፣ በቃኝ" እያልክ ታስቸግራታለህ? ወገብህ፣ ጉልበትህ፣ ያ ብርድ ሲመጣ የሚነሳብህ ትከሻህ እንዴት ናቸው? ስለ ቀኝ እጅህ ግን እዚህ ላይ አልጠይቅህም። እሷን ለብቻዋ የምጠይቅበት ቦታ አለኝና ታገሠኝ።

እኔ ለጤናዬ ደህና ነኝ፣ ፈጣሪ ይመስገን። ከናንተ ናፍቆት በስተቀር የጎደለብኝ ነገር የለም ብዬ ልጽፍ ነበር፤ ደብዳቤ ሁሉ እንዲህ እየተባለ ነው የሚጀመረው። ዛሬ ግን የጎደለብኝን ልነግርህ ስለተነሳሁ እሷን ዓረፍተ ነገር ዘልያታለሁ።

እማዬ "አባታችሁን አንቱ በሉት" ስትለን፣ "አንቱ ሲሉኝ ደንበኛ የመጣ እየመሰለኝ ሜትሬን እፈልጋለሁ" ብለህ እምቢ ያልከው አንተው ነህ። ስለዚህ በወረቀትም ላይ አንተ እያልኩህ ነው። ደብዳቤውን የሚያይብህ ሰው ካለ ባለጌ ልጅ አሳድገሃል ይበልህ እንጂ ምን አደርጋለሁ።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው ትል ይሆናል። ስልኩን ያስጠላኸኝ አንተ ነህ። በደወልኩ ቁጥር "ደህና ነኝ፣ እናትሽ ትፈልግሻለች" ትልና ለእማዬ ታቀብላታለህ። ደብዳቤ ብታቀብላት ግን መነጽሬን አላገኘሁትም ብላ መልሳ ለአንተው ነው የምትሰጥህ። ደግሞ ደብዳቤ በእጅ ይያዛል። የምለምንህ የመጀመሪያው ነገር ይኸው ነው፤ ይህን ወረቀት በቀኝ እጅህ ያዘው። ወረቀት ነው፣ ክብደት የለውም። ከወደቀ ታናሽ እህቴ ታነሳልሃለች፤ እንዳትስቅብህም ነግሬያታለሁ።

ሥራዬ ያው የምታውቀው የሆስፒታሉ ልብስ ክፍል ነው። ምድር ቤት ነው። መስኮቱ ከመንገዱ እኩል ስለሆነ የሰው ጫማ እንጂ የሰው ፊት አይታየንም። ከማጠቢያው እርጥብ የወጣው አንሶላ በጋሪ ተቆልሎ ይመጣል። እየዘረጋን እንደ በርሜል ለሚሽከረከረው ትልቅ ካውያ እናጎርሰዋለን፤ በወዲያኛው በኩል ትኩስና ድርቅ ያለ ሆኖ ሲወጣ ሁለት ሁለት ሆነን እናጥፈዋለን። ይህን የሚያህል አንሶላ ብቻውን ቆሞ የሚያጥፍ ሰው የለም። አንዷ በዚህ በኩል ጫፉን ትይዛለች፣ ሌላዋ በዚያ በኩል፤ እንራራቃለን፣ ወጠር እናደርገዋለን፣ ከዚያ እንቀራረባለን። ጣቶቻችን ሲነካኩ አንዱ አለቀ ማለት ነው። ከዚያ ቀጣዩ።

ከኔ ጋር የምታጥፈዋን ሴት ቶሎቶሎ ነው የምላት። ፊቷም ላይ እላታለሁ፣ ቁልምጫ መስሏታል። እሷም እንደኔ ከሩቅ የመጣች ናት፤ የኔን ቋንቋ አታውቅም፣ እኔም የሷን። በሥራ ቦታው ቋንቋ እየተኮላተፍን እንግባባለን። ቶሎቶሎ ጫፍ ካመለጣት ራሷን ትሰድባለች። በቋንቋዋ ስለሆነ ቃሉን አላውቀውም፣ ስድብ መሆኑን ግን ከከንፈሯ አያለሁ። የሚገርመው፣ ከሰደበች በኋላ ያለውም አንሶላ ያመልጣታል፣ ከዚያም የሚቀጥለው። ጠዋት አንዱን የጣለች ሴት እስከ ምሳ ድረስ ስትጥል ትውላለች።

እኔ ደግሞ ጋሪው ተቆልሎ ሲመጣ በሆዴ የምላት ነገር ነበረችኝ። አንዳንዴም ከአፌ ታመልጠኛለች። "አይዞሽ፣ ይቺን ብቻ።" ክምሩን አላየውም፤ እጄ ላይ ያለችውን አንዷን አንሶላ ብቻ ማለቴ ነው። እሷ ስታልቅ ደግሞ ስለሚቀጥለዋ እንደገና እላለሁ። እዚህ አገር መጀመሪያ ስመጣ ጠዋት ከብርድ ልብሱ ሥር መውጣት ሞት ነበር የሚመስለኝ፤ "አይዞሽ፣ ይቺን ብቻ" ብዬ አንድ እግሬን አወጣለሁ። አንድ እግር ከወጣ ሌላው የት ይቀራል። ቋንቋውን የተማርኩትም እንዲሁ ነው፤ በአውቶቡስ ላይ አንድ ቃል ይዤ እየደጋገምኩ እወርዳለሁ። አልጋዬን አንጥፌ መውጣት፣ ብቻዬንም ብሆን ሳህን አቅርቤ ተቀምጬ መብላት፣ የሸሚዜን ኮሌታ በካውያ መምታት፣ ይህ ሁሉ ከዚያች ቃል የመጣ አመል ነው። ሰዎች ጠንካራ ነሽ ይሉኛል። ጠንካራ አይደለሁም፤ የምታበረታኝ ቃል ስለነበረችኝ ነው።

ከየት እንዳመጣኋት ታውቃለህ። ወይም ታውቃለህ ብዬ ነበር። ከልብስ ስፌት ሱቅህ ነው። ከትምህርት ቤት መልስ ከመቁረጫው ጠረጴዛ ሥር ካርቶን አንጥፌ የቤት ሥራዬን ስሠራ ታስታውሰኛለህ? ከላዬ መቀሱ ይቆርጣል፣ ቁርጥራጩ ጨርቅ ራሴ ላይ ይወርዳል፣ ከዚያ ወንበርህን ስበህ የስፌት መኪናዋ ላይ ትቀመጣለህ። የካፖርት ኮሌታ ወይም ያ ድርብርቡ የሱሪ ስፌት ላይ ስትደርስ እግርህን ከመርገጫው ላይ ቀለል ታደርጋለህ፣ መዘውሩን በቀኝ እጅህ ትይዛለህ፣ ድምፅህንም ዝቅ አድርገህ "አይዞሽ፣ ይቺን ብቻ፣ ቀስ ብለሽ" ትላለህ። እኔ ከሥር ማካፈል አልወጣልህ ብሎኝ ዐይኔ እንባ አቅርሯል። ሳያየኝ እንዴት አወቀብኝ እያልኩ እገረም ነበር። አንገቴን ደፍቼ ያቺን አንዷን ጥያቄ እሠራለሁ። ቀና ብዬ አመሰግንሃለሁ ብዬህ አላውቅም፤ የኔና ያንተ ምስጢር መሰለኝ።

ከታመምክ በኋላ በስልክ ላበረታህ ብዬ ይህንኑ አነሳሁልህ። እህቴ ሁላችሁም እንድትሰሙ ድምፁን ከፍ አድርጋው ነበር። አንተ ያኔ አይዞሽ ትለኝ እንደነበረው እኔም ዛሬ አይዞህ እልሃለሁ አልኩህ። ከዚያ ሳቅክ። ስትሮኩ ከመታህ ወዲህ የሰማሁት የመጀመሪያ ሳቅህ ነበር። ምላስህ እየከበደህ፣ ቃሉን እየጎተትክ፣ "ላንቺ አልነበረም እኮ ቁልፌ፣ ለመኪናዋ ነው" አልከኝ፣ በዚያ በልጅነት ቁልምጫዬ። እማዬ ከአፍህ ተቀብላ "ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቀውን አንቺ ብቻ ነሽ የማታውቂው? እኔ ራሴ ገና ሙሽራ ሳለሁ በሱቁ በር ሳልፍ ሰምቼ፣ ሴት አስገብቷል ብዬ ዘልዬ ገብቼ የለ" አለች። ጫማ ሰፊው ጎረቤታችን መኪናዋን ሁለተኛ ሚስትህ ይላት እንደነበርም ነገረችኝ። ሁላችሁም ሳቃችሁ። እኔም አብሬያችሁ ሳቅሁ። ስልኩን ስዘጋ ግን ሆድ ባሰኝ።

አትቀየመኝ አባዬ፣ በጣም ነው የከፋኝ። ሳስበው ልክ ነህ። አንተ ዘንድ መኪና ሴት ናት። "ታማለች፣ ዘይት ጠምቷታል፣ ዛሬ አኩርፋለች" ነበር የምትለው። እኔም ሴት ነኝ። ቋንቋችን ደግሞ ለሁለታችን አንድ አይዞሽ ነው ያለው። ከጠረጴዛው ሥር የተቀመጠው ወንድ ልጅ ቢሆን ኖሮ ቃሉ የሱ አለመሆኑን ያን ጊዜውኑ ያውቅ ነበር። እኔ ግን ተሳሳትኩ፣ ተሳስቼም አደግኩ። ለሌላ የተላከ ዕቃ ተቀብዬ ስገለገልበት እንደኖርኩ ሆኖ ተሰማኝ።

ከዚያ ወዲህ ቃሉ አፌ ውስጥ ደረቀ። ጠዋት "አይዞሽ" ልል እጀምርና ያው የራሴ ድምፅ "ማን አለሽ? ለመኪናዋ ነው" ይለኛል። አልጋዬን ሳላነጥፍ መውጣት ጀመርኩ። ከድስቱ ላይ ቆሜ እበላለሁ። ብርጭቆው ሳይታጠብ ሲያድር "ለማን ብዬ" እላለሁ። "ለማን ብዬ" ክፉ ቃል ነው አባዬ፤ አንዴ በር ከከፈትክለት ጓዙን ጠቅልሎ ነው የሚገባው። ለማን ብዬ ብዬ ፀጉሬን ሳላበጥር ሻሽ ጠቅልዬበት ወጣሁ፣ ለማን ብዬ ብዬ ሳልደውልላችሁ ሰነበትኩ። እማዬ ሥራ በዝቶባት ነው እያለች ለሰው ስትነግር እኔ ግድግዳ እያየሁ ተቀምጬ ነበር።

ያን ሰሞን በአውቶቡስ ስሄድ የሰው ከንፈር ማየት ጀመርኩ። ስንቱ ሰው ለብቻው ያወራል መሰለህ። አንዱ ሽማግሌ ኪሱን እየዳበሰ ቁልፉን ሲፈልግ ራሱን እንደ ሌባ ይቆጣዋል፤ ባገኘው ጊዜ እንኳ ፊቱ አልፈታም። አንዷ ደግሞ ልጇን ትምህርት ቤት አድርሳ ስትመለስ በየማቆሚያው አንድ ነገር ትላለች፣ ብላም ትከሻዋን ቀና ታደርጋለች። ምን እንደምትል ባውቅ ብዬ ተመኘሁ። የኔ ከንፈር በመስኮቱ ውስጥ ሲታየኝ ግን የምለውን አውቀዋለሁና ፊቴን አዞርኩ።

ሥራ ቦታም ከቶሎቶሎ ጋር ተመሳሰልን። ሁለታችንም እንጥላለን፣ ሁለታችንም እንሳደባለን። አለቃችን መጥቶ፣ አንሶላ እያጠፋችሁ ነው ወይስ ዓሣ እያጠመዳችሁ ብሎ ሄደ። አንድ ቀንም እጄን ካውያው ለበለበኝ። አትደንግጥ፣ ትንሽ ናት፣ ድናለች። ማንም አልገፋኝም፤ በሐሳቤ ከራሴ ጋር እየተጣላሁ ነበርና እጄ የት እንዳለች አላየሁም።

ያቺ ቃል ባልጠበቅሁት መንገድ ነው የተመለሰችልኝ። አንድ ጠዋት አንሶላ ካውያው ላይ ተጠመጠመና መኪናው ቆመ። እንዲህ ሲሆን እስኪቀዘቅዝ ጠብቀን፣ በሁለት በኩል ይዘን ቀስ ብለን መጎተት አለብን። የለበለበኝ ቦታ ገና ቀይ ስለነበረ ፈራሁ፤ እጄን ደረቴ ላይ አጥፌ ቆሜ ቀረሁ። ቶሎቶሎ በበኩሏ ጫፉን ይዛለች። ቀና ብላ አየችና "አይሶሽ፣ ይቺ ብቻ" አለች።

በኛ ቋንቋ ነው ያለችው። ከኔ አፍ ለቅማ፣ ግማሹን ሰብራ፣ ትርጉሙን ሳታውቅ። እኔና ካውያው በአንድ መስመር ላይ ስለነበርን የምታየው እኔን ይሁን እሱን አላወቅሁም። ለኔ ትበለው፣ ለአንሶላው ትበለው፣ ለራሷ ትበለው አልገባኝም። እጄ ግን ተነሳች። እኔ ገና ሳስብ እሷ ሄዳ ጫፉን ያዘች። ጎተትነው፣ ወጣ። ወደ መጸዳጃ ቤት ገብቼ አለቀስኩ፣ ከዚያ ፊቴን ታጥቤ ተመለስኩ።

በኋላ ለማን ነው ያልሽው ብዬ ጠየቅኋት። ነገሩ ግራ ገባት። አንቺ እሱን ስትዪ አንሶላው ቀጥ ብሎ ይታጠፍ ነበር፣ ሰሞኑን ተውሽው፣ ስለዚህ እኔ አልኩት አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ለሁሉም ነገር ትለዋለች። ለጋሪው "አይሶሽ"፣ ለአሳንሰሩ "አይሶሽ"። አለቃችንን፣ ያን የሚያህል ጢማም ሰውዬ፣ አንድ ቀን አዝኖ ብታየው "አይሶሽ" አለችው፤ እሱም ሙገሳ መስሎት ራሱን ዝቅ አድርጎ አመሰገናት። አላረምኳትም። አሁንም ጫፍ ያመልጣታል፤ ግን አንዱ ብቻ ነው የሚያመልጣት፣ የሚቀጥለውን ትይዘዋለች።

ያን ቀን ቤቴ ገብቼ ድስቱን አጠብኩ። ሳህን አቀረብኩና ተቀምጬ በላሁ። ስበላም አንድ ነገር ገባኝ። ቃሉ የማን ነው እያልኩ ስከራከር ሰነበትኩ እንጂ፣ ቃል የሚያርፈው በሚሰማው ጆሮ ላይ ነው። አንተ ለብረት ብለህ የተናገርከው ከጠረጴዛ ሥር የነበረችውን ልጅህን አሳደጋት። ይህን ሳታውቅ ነው ያደረግከው። እኔ ለራሴ የማንሾካሹከውም በተራው ሌላ ሰው አነሳ። ስለዚህ ሰው ለብቻው ሆኖ የሚናገረውም ሰሚ አለው፤ ማንም ባይኖር እንኳ የገዛ እጁና እግሩ ይሰሙታል።

አሁን ወደ መጣሁበት ጉዳይ ልግባ። እህቴ ሁሉንም ነግራኛለች፤ አትቆጣት፣ እኔ ነኝ ያስጨነቅኋት። ጠዋት ጠዋት ከመጋረጃው ጀርባ ሆና ትሰማሃለች። ቀኝ እጅህን በግራ እጅህ አንስተህ ጭንህ ላይ ትጥልና "አንተ በድን፣ አለቀልህ" ትላለህ አለችኝ። እጅህን ሊያሠራ የሚመጣው ባለሙያ እየጨበጥክ እንድትለቅ የሰጠህን የጨርቅ ኳስ ከአልጋው ሥር ወርውረኸዋል። እሱ ሲመጣ ተኝቷል በሉት ትላለህ። መኪናዋን በአንሶላ ሸፍነህ ፊቷን ወደ ግድግዳ አስዙረሃታል። ሰውየው ለእህቴ የነገራት ደግሞ ይህ ነው፤ እጅህ ውስጥ ገና ሕይወት አለ፣ ጣቶችህ ይነቃነቃሉ፣ ነገር ግን አሁን በየቀኑ ካልሠሩ እንደታጠፉ ይደርቃሉ፣ ያን ጊዜ ቢለፉም ላይመለሱ ይችላሉ። ይህን ከሰማሁ ጀምሮ እህል አልወርድልህ ብሎኛል። ፈርቻለሁ አባዬ። እጅህ እንዲሁ እንዳትቀር ፈርቻለሁ።

እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ያቺ መኪና ስንት ጊዜ ቆመችብህ? ክር ስትበጥስ፣ ስፌት ስትዘል፣ የበዓል ልብስ በእጅህ ሞልቶ ደንበኛ በር ላይ ቆሞ እሷ እምቢ ስትል፣ አንድ ቀን በድን ብለሃት ታውቃለህ? ሌላው ልብስ ሰፊ መኪናውን በጥፊ ሲመታ አይተህ ፊትህን ያዞርክ ሰው ነህ። አንተ ዘይት ትሰጣታለህ፣ ትጠርጋታለህ፣ ታዋራታለህ፣ እስክትነሳ ትጠብቃታለህ። ብረት ናት። እጅህ ግን ሥጋህ ናት። ለብረት ያልሰሰትከውን ቃል ለሥጋህ ለምን ነፈግካት? ደግሞ እጅህ መቼ ነው ወንድ የሆነችው? ስትሰፋ አንቺ ነበረች፤ ስትታመም አንተ በድን አልካት።

ድና ልብስ ትሰፋለች ብዬ ቃል አልገባልህም፤ አላውቅም፣ ባለሙያውም አያውቅም። የሸሚዝህን ቁልፍ ትቆልፍ፣ ማንኪያ ትያዝ፣ እማዬን ደገፍ ታድርግ። ያም ባይሆን እንኳ እየተሰደበች አትደር። ኳሱን ስትጨብጥ ነገ የት እደርሳለሁ አትበል፣ ክምሩን አትየው። አንዷን ጭብጥ ብቻ እያት። እኔ በስህተት የወሰድኳትን ቃልህን እየመለስኩልህ ነው፤ ሳልጎዳት ነው የኖርኩት፣ እንዲያውም ስሠራባት ስለከረምኩ ለስልሳለች።

እንግዲህ ሰላምታ ላቅርብና ላብቃ። እማዬን ጉንጯን ሳምልኝ፤ መስኮት ላይ ቆማ ሥራ በዝቶባት ነው እያለች የዋሸችልኝን ሁሉ አውቃለሁ በላት። እህቴን አመስግንልኝ፣ ከመጋረጃው ጀርባም ትውጣ። የእህቴን ልጆች አገላብጠህ ሳምልኝ፤ ትንሿ ጠረጴዛው ሥር መቀመጥ ጀምራለች አሉ፣ የምትናገረውን ትሰማለችና ተጠንቀቅ። ጫማ ሰፊው ጎረቤታችንን በብርቱ ሰላም በልልኝ። ባለሙያውንም ከልብ ሰላም በለው፣ ሲመጣም ነቅተህ ጠብቀው። ሁለተኛ ሚስትህን አንሶላውን ገልጠህ ፊቷን ወደ ቤቱ አዙርላት፤ እንጀራ እናቴ ናት እንዳልል በአንድ ቃል ያደግን እህትማማቾች ነን።

በመጨረሻም ቀኝ እጅህን። ለብቻዋ እጠይቃታለሁ ብዬህ ነበር። ልጄ እንደምን ሰነበትሽ ብላሻለች በላት። ለብሳ ያደገችውን ሁሉ ያለበስሻት አንቺ ነሽ ብላሻለች በላት። አሁን ይህን ወረቀት አጣጥፈው። እህቴን አትጥራት። እጥፉ ቢጣመም ግድ የለም፤ የኔም የመጀመሪያ አንሶላ የአህያ ጆሮ ነበር የሚመስለው። ለሁለት ብቻ እጠፈው። አንዱን ጫፍ እሷ ትያዝ፣ ሌላውን ከዚህ ሆኜ እኔ ይዤልሃለሁ። አይዞሽ በላት አባዬ፤ ይቺን ብቻ።

ልጅህ፣ ቁልፍህ

ከክፍሌ፣ አልጋዬን አንጥፌ፣
የካቲት ፲፩ ቀን